ለሰፍያ የተደበቀው መርዶ

በነቢ ላይ ሰለዋት አውርዱና ጠጋ በሉ። መጀመሪያው ላይ ሳቁ፤ ኋላ ስለማይቻል አሁኑኑ ሳቁ።

ስሟን የማልነግራችሁ አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። የማልነግራችሁ ዘሮቻቸው ዛሬም ስላሉ ነው፤ አኩራፊዎች ናቸው። ግንቧ ያረጀ፣ በሯ ሲከፈት እንደ ወገብ በሽተኛ የሚያቃስት ከተማ ናት። እዚያ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ ሽማግሌ ልጆችን ቁርአን ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር። እኚህ ሰው ውሸት የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ጊዜ ላማቸውን ገበያ አወጡና ለገዢው «ትራገጣለች፣ ወተቷ ውሃ ነው፣ ጠባይዋም የመጀመሪያዋን ሚስቴን ነው» ቢሉት ሰውዬው እስከ ዛሬ እየሮጠ ነው። ላሚቱም እሳቸው ቤት አርጅታ ሞተች። ጅብ መጥቶ «ፍየሎቹ የት ናቸው?» ቢላቸው እንኳ ይነግሩት ነበር አሉ። ደግነቱ ጅብ አይጠይቅም።

ታዲያ በዚያች ከተማ ክፉ ዓመት ገባ። ዝናቡ ቀረ፣ ሰውም በወባ ረገፈ። በዚያው ዓመት የጨው ነጋዴው የአደም ሚስት ራህመት በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ተከተላት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሰፍያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ያን ሰሞን የአባቷ እህት ዘህራ ቤት ነበር ያቆዩዋት፤ ምንም አላየችም።

የዚያ አገር ሰው፣ መቼም እኛም ያው ነን፣ ለልጅ መርዶ አይነገርም ይላል። ዘህራ ከጎረቤቶቿ ጋር መከረች። ገበያ ሄደች ቢሏት ማታ ትጠብቃለች። ዘመድ ጥየቃ ቢሏት እኔም ልሂድ ትላለች። ስለዚህ «እናትሽ ሐጅ ሄዳለች» አሏት። በዚያ ዘመን ሐጅ በእግር፣ በግመልና በመርከብ ነው፤ የሄደ ሰው ዓመት ይቆያል። ማን ተከትሎ ያጣራል?

የሰፈሩ ልጆች ግን ሁሉም ያውቃሉ። ሬሳው ሲወጣ በአጥር ቀዳዳ አይተዋል። ዘህራ ጆሯቸውን አንድ በአንድ እየያዘች «ትንፍሽ ብትሉ ምላሳችሁን ቆርጬ ለድመት ነው የምሰጠው!» አለቻቸው። ድመቷም የዚያን ቀን ከሰፈሩ አልወጣችም አሉ፤ ስትጠብቅ። እነሱም ቃል እንዳያመልጣቸው ሰፍያን መሸሽ ጀመሩ። ዕቃቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት መሆን አለባት፤ ሰፍያ ካለች ማን ደፍሮ እናት ይሆናል? ስትመጣ ጨዋታው ይፈርሳል። መዲና የምትባል ለፍላፊ ልጅ ብቻ አፏን በሁለት እጇ አፍና አጠገቧ ትቆም ነበር። እጇን የምታነሳው ለቆሎ ብቻ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ሐጃጆቹ ተመለሱ። ሰፍያ ፊቷን ታጥባ ከተማው በር ላይ ቆመች። የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን አየች። ግመሎቹን ሳይቀር ጎንበስ ብላ በሆዳቸው ስር አየች። አንዱን ሐጃጅ ጠየቀችው፤ «አላየኋትም» አላት። አባቷን ጠየቀችው፤ «ታማ መንገድ ቀርታለች» አላት። አክስቷን ጠየቀቻት፤ «ሽቶ ልትገዛልሽ ጅዳ ቆይታ ነው» አለቻት። ውሸታሞች ከመዋሸታቸው በፊት እንኳ አይነጋገሩም! ልጅቱ ሦስቱንም ሰማች፣ አስተያየች፣ ከዚያም መጠየቅ ተወች።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰፍያ ከእኩዮቿ ሁሉ ፈጣን ነበረች፤ አሁን ግን አፏ ተዘጋ። ሼሁ አንድ ጠዋት ሉሁን፣ ያቺን መጻፊያ ጣውላ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጡላትና ጻፉ።

«ይህ ምንድነው ልጄ?»

«አላውቅም።»

«አሊፍ ነው እኮ። አምና ታውቂው ነበር።»

«አሊፍ ነው ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

«አስተማሪዬ።»

«ለሳቸውስ?»

ሼሁም ውሸት አያውቁ፤ የአስተማሪያቸውን አስተማሪ፣ የእሱንም አስተማሪ እየጠሩ ወደ ላይ ወጡ። ባታቋርጣቸው ኖሮ የነቢ ባልደረቦች ሰሐቦች ዘንድ ደርሰው የዙህር ሶላት ያልፋቸው ነበር።

«ሁሉም ተማክረው ቢሆንስ?» አለች ሰፍያ።

ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ሼሁ ግን አልሳቁም። ሉሁን ቀስ ብለው ከጭኗ አነሱት። የዚያኑ ዕለት አደም ቤት ሄዱ።

«አደም፣ ንገራት።»

«ሼሄ፣ ልጅ ናት፤ ትሰበርብኛለች። ይልቅ እርስዎ ሐጅ ናት ይበሏት። እርስዎ ካሉ ታምናለች። አንድ ቃል ብቻ!»

«እኔ ቀብር ስገባ ሁለት መላእክት ይጠይቁኛል። ለእነሱም መልሴ አልተዘጋጀም። ሌላ ጥያቄ አታሸክመኝ።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ። ከነገሯት ልጄንም አወጣለሁ፣ እህሉንም አቆማለሁ።»

ቁርአን ቤቱ የሚበላው የአደምን እህል ነበር። ረሃቡ ገና ስላልወጣ ሌላ የሚሰጥ አልነበረም።

«ፈልጌ አልነግራትም፤ አባቷ አንተ ነህ» አሉ ሼሁ። «ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም።»

ጠየቀቻቸው። በነጋታው ልጆቹ ወጥተው ሳያልቁ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ሼሄ፣ እናቴ ሐጅ ናት?»

ጢማቸው ያኔ ነው የነጣው ይላሉ። ድሮም ነጭ ነበር፤ ግን ልብስ እንደሚታጠበው እንደገና ነጣ።

«አይደለችም ልጄ። ሞታለች። ከግንቡ ውጭ ከሾላው ስር ተቀብራለች።»

ልጅቱ አላለቀሰችም። «ሌላ እናቷ የሞተችባት ልጅ አለች?» አለች።

«ነቢያችን እናታቸው አሚና ስትሞት ልክ እንዳንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ።»

«እሳቸውንም ሐጅ ናት አሏቸው?»

«የለም። አጠገባቸው ነው የሞተችው።»

ይኼኔ ጮኸች። ጩኸቷ ከተማውን ዞረ። አደም ሮጦ መጣና ልጁን አፈፍ አድርጎ ወሰዳት፤ እንዳለውም እህሉን አቆመ። ሼሁና ተማሪዎቻቸው፣ ደረሶቹ፣ ቅጠል ቀቅለው በሉ። ሰፍያም ቤት ተኝታ እህል እምቢ አለች። አባቷ «ገደሉብኝ» እያለ በየሰዉ ደጅ ሼሁን አማ።

ልጆቹ ግን ለአንድ ዓመት የተሸከሙት ነገር ከላያቸው ወረደ። መዲና እጇን ከአፏ አነሳች። ተሰበሰቡና የእናቶቻቸውን ነጠላ እንደ ትልቅ ሰው ተከናንበው፣ ግማሹ ነጠላው እግሩን ጠልፎት እየወደቀ፣ ለቅሶ ሊደርሱ አደም ቤት ገቡ። ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። አንዱ እንደ ሽማግሌ እህ እህ ብሎ ሳለ።

«አላህ ሰብር ይስጥሽ» አለች መዲና። «እናትሽ ደግ ነበረች፤ ቂጣ ስትሰጠን ትልቁን ነበር። እኛ እናውቅ ነበር ሰፍያ። ዝም ያልነው ላንቺ ብለን አይደለም፤ ለምላሳችን ፈርተን ነው።»

ሰፍያ ተነሳችና መሃላቸው ገብታ ተቀመጠች፤ አብረው አለቀሱ። አደም ከበሩ ቆሞ አያቸው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ልጁ ፊት አንዲት እንባ አላወጣም ነበር። እሱም ገብቶ ከልጆቹ ተርታ ቁጭ አለና ተንሰቀሰቀ። ለዚያች ሴት ከዓመት በኋላ ነው እውነተኛው ለቅሶ የተለቀሰላት።

በማግሥቱ አደም እህሉን በአህያ ጭኖ መጣና ሼሁ ጉልበት ላይ ወድቆ «ዐፉ በሉኝ» አለ። «ግን እንዴት ጨከኑ? ልጄን ሰበሯት እኮ!»

ሼህ ጀውሃር አነሱትና «ልጅ እውነት ሲከብደው ያለቅሳል፤ ውሸት ሲከብደው ዝም ይላል። እኔ የፈራሁት ዝምታዋን ነው» አሉት።

አያችሁ፣ ልጅ የሚማረው በሚያምነው ሰው አፍ ነው። ያ ሰው አንዴ ከዋሸው ፊደሉም፣ ጨዋታውም፣ ጓደኛውም አብረው ይጠፋሉ። ሰፍያ ቶሎ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። ሉሁን የያዘችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አክስቷን ዘህራንማ እስከ መጨረሻው አላመነቻትም፤ «ውሃው ፈላ» ብትላት እንኳ ሄዳ ክዳኑን ከፍታ ታያለች። እኛም ለልጅ አዝነን መርዶ ደበቅን እንላለን። ውሸታችንን ነው፤ የደበቅነው ለቅሶውን ማየት ስላልቻልን ነው።

አላህ ማልቀስ አያስቀርልንም፤ ሞት አለና። ብቻችንን ከማልቀስ ግን ይጠብቀን። አሚን በሉ።