ለቀስተኛዋ ዶሮ

ይህን ተረት ሁላችሁም ትተርቱታላችሁ። ከየት እንደመጣ ብጠይቃችሁ ግን ጣራ ጣራ ታያላችሁ። እኔ እንደሰማሁት የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። ደግሞ የሚያስቅ ለቅሶ ነው፤ ሟቹ ይቅር ይበሉኝ።

ባላምባራስ ይግለጡ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሰጋር በቅሎ ነበረቻቸው፤ ከበቅሎዋ የሚፈጥን ነገር ቢኖር የሳቸው አፍ ብቻ ነው። ከወንዝ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር እኅታቸው በሰኔ ባሏ ሞተባት። ባላምባራስ ለቀብር አልደረሱም፤ ዝናብ ነበር። “ለአርባው እሄዳለሁ” አሉ። አርባው ሲደርስ ወንዙ ሞላ። “ለሰማንያው” አሉ። ሰማንያው ሲደርስ ኮርቻው ተሰፍቶ አላለቀም።

የጎረቤታቸው የእትዬ ዘርፌ ጭንቀት ሌላ ነው። ባላምባራስ “እርሻዬን ከብት በላብኝ” ብለው ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ አጥረውታል። እሷ ጉልበቷን እያመማት፣ እንስራ አዝላ ያንን ሁሉ ዳገት ትዞራለች። በር ክፈቱልኝ ብላ በለመነች ቁጥር መልሳቸው “ነገ” ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባላምባራስ ደጀ ሰላም ቆመው ይጎርራሉ።

“እግሬ እርካብ ከረገጠ እኮ ጤዛው ሳይረግፍ እኅቴ ደጅ ነኝ! ምን ያስቸኩለኛል?”

እትዬ ዘርፌ ለምታቅፍ ዶሮዋ የለመነችውን አንድ እንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ይዛ በዚያ ታልፍ ነበር።

“ጌታዬ፣ በዚህ አያያዝዎ ይቺ እንቁላል ቀድማዎት ለቅሶ ትደርሳለች” አለች።

“ማን ተሸክሟት?”

“ማንም። ራሷ ተራምዳ።”

“እንቁላል እግር አላት እንዴ፣ አንቺ ሴት?”

“ለጊዜው የላትም።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባላምባራስ ግን ተናደዱና እንወራረድ አሉ። እንቁላሏ ማንም ሳይሸከማት እስከ ሙት ዓመቱ ቀድማ ከደረሰች አጥሩ ይነሣል፤ እሳቸው ከቀደሙ እትዬ ዘርፌ የጌሾ ጓሮዋን ትሰጣለች። ከዚያ ጌሾ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም። ቄሱ አባ ኅሩይ ዳኛ ሆኑ፤ ባላምባራስም በጊዮርጊስ ማሉ።

እንቁላሏ በሃያ አንድ ቀኗ ተፈለፈለች። ባላምባራስ ጫጩቷን በአጥር አሻግረው አይተው ከት ብለው ሳቁ። “ይቺ ከጓሮ እስክትወጣ እኔ ሦስቴ ደርሼ እመለሳለሁ!” ሦስቴ ቀርቶ አንዴም አልሄዱም። መንፈቁ ሲደርስ አጨዳ ነበር።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዶሮዋ እንቁላል መጣል ስትጀምር እትዬ ዘርፌ ጥሬ እየበተነች እስከ መጀመሪያው ጎረቤት አጥር ወሰደቻት። እዚያ አደረች። በማግሥቱ ባለቤቶቹ ጥሬ እየበተኑ ወደሚቀጥለው ቤት ሸኟት። እንዲህ እንዲህ እያለች በቀን አንድ ቤት ፈቀቅ ትል ጀመር። ያደረችበት ቤት ሁሉ ጠዋት አንድ እንቁላል ትታ ትነሣለች፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ማን ይጠላል? ስሟም “ለቀስተኛዋ” ሆነ። ጭልፊት በታየ ቀን ውላ ታድራለች እንጂ ወደ ኋላ አትመለስም።

ባላምባራስ ገበያ በወጡ ቁጥር ይጠይቃሉ።

“ዶሮዋ የት ደረሰች?”

“እነ አያ ቸኮል ቤት።”

“ገና ናት!”

“ዛሬስ?” ይላሉ በሌላው ገበያ።

“ወንዙ ጎድሎላት በድንጋይ በድንጋይ እየዘለለች ተሻገረች።”

“እሱም ገና ነው! የኔ በቅሎ እኮ…”

የሙት ዓመቱ ዕለት ባላምባራስ በሌሊት ተነሥተው በቅሎዋን ሊጭኑ ሄዱ። በቅሎዋ ዓመቱን ሙሉ ገብስ ስትቅም ከርማ የኮርቻው ማሰሪያ ሆዷ ላይ አልደርስ አለ። በባዶ ጀርባዋ ወጡባት። ወንዙ ድረስ እያለከለከች ሄዳ ውኃው መሐል ተኛች። ቢመቷት፣ ቢለምኗት፣ በአባቷ ስም ቢሰድቧት አልነሣም አለች። ባላምባራስ ሱሪያቸውን ሰብስበው በእግራቸው ሮጡ።

እኩለ ቀን ላይ የእኅታቸው በር ደርሰው “ወንድሜን! ወንድሜን!” እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እኅታቸው ብቅ አለች።

“ጩኸትህን ቀነስ አድርግ፤ እንግዳዬን ታስደነግጥብኛለህ።”

ወደ ውስጥ ቢያዩ፣ ዶሮዋ ከሽማግሌዎቹ መሐል ሰሌኑ ላይ ተንሰራፍታለች። የደረሰችው ትናንት ማታ ነው። ከዳኛው ከአባ ኅሩይ ጋር ከዋዜማው የመጣችው እትዬ ዘርፌም ጉልበቷን እያሸች አጠገቧ ተቀምጣለች።

“ዓመት ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ” አለች እኅታቸው፣ ዕንባዋ እየመጣ። “ዶሮ ታጽናናኝ? አንተ እያለህ?”

ባላምባራስ ወደ ዳኛው ዞሩ። “አባ፣ ይቺ ዶሮ ናት! እኔ የተወራረድኩት ከእንቁላል ጋር ነው!”

“መስከረም ላይ ምን ነበረች?” አሉ አባ ኅሩይ።

“እንቁላል።”

“አንተስ መስከረም ላይ የት ነበርክ?”

“ቤቴ።”

“ትናንትስ?”

“ያው… ቤቴ” አሉ ባላምባራስ። ለቀስተኛው ሁሉ ሐዘኑን ረስቶ በነጠላው አፉን ይዞ ይስቃል። አባ ኅሩይም መስቀላቸውን አንሥተው ፈረዱ፦ “በል ልጄ ይግለጡ፣ አጥሩን ሂድና አንሣላት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።”