የተወሰደ የውሃ ተራ

የቻለ ሰው ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬአለሁ። ተማሪ ሳለሁ «ፑት አፕ ዊዝ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ «መቻል፣ መታገስ» ብዬ በቃሌ ከያዝኩ ጀምሮ ነው። በመሥሪያ ቤት የክፍላችን ኃላፊ እኔ የጻፍኩትን ጥናት በራሱ ስም ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያንን ግስ ያስተማሩኝን ጡረተኛውን መምህር ወንድይፍራውን ሄጄ ጠየቅኳቸው። የኃላፊውንም ነገር አልደበቅኳቸውም። እንዲህ አሉኝ።

አንድ ገበሬ ነበረ። በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ከማሳው በላይ ደግሞ አንድ ባለጸጋ አለ። በቦዩ ውሃ ሁሉም በተራ ነው ማሳውን የሚያጠጣው፤ የገበሬው ተራ ረቡዕ ነው። ባለጸጋው ግን ረቡዕም ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ መለሰው። ገበሬው ቻለ። በሚቀጥለውም ረቡዕ ቻለ። ሰዉ እንዴት ያለ ጨዋ ነው እያለ አመሰገነው። እሱም ባለጸጋው ጨዋነቴን አይቶ ያፍራል ብሎ ጠበቀ። ባለጸጋው አላፈረም፤ ሽንኩርቱ ጠወለገ።

በመጨረሻ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ ዳኛ ዘንድ ሄዶ አቤቱታውን አሰማ። ዳኛው ገረማቸው። በዚያ አገር ደንብ፣ ተራው ሲወሰድበት ዝም ያለ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ቦዩ ላይ ቆሞ አልሰጠሁም እስኪል ድረስ ውሃው የባለጸጋው እንደሆነ ነገሩት።

ረቡዕ ጠዋት ገበሬው አካፋውን ይዞ ወጣ። የባለጸጋውን የውሃ መግቢያ በአፈር ደፈነና እላዩ ላይ ቁጭ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ደህና ሰው አልነበርክ?» አለ ባለጸጋው።

«እስከ ዛሬ ቻልኩህ እንጂ ተራዬን አልሰጠሁህም። ከእንግዲህ መቻሉም ቀርቷል።»

ባለጸጋው ሊስቅ ፈለገ፤ ሰው ተሰብስቦ ነበርና ተወው። ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ወረደ።

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። «መክሊት ልጄ፣ ይህ ግስ ለሚወዱት ነገር አይነገርም። ማር ቻልኩ የሚል አለ? የሚቻለው የሚጎረብጥ ነገር ነው። ስለዚህ የቻለ ሰው አልተስማማም፤ ካልተናገረ ግን ማን ያውቅለታል? የቋንቋው ባለቤቶች እንግሊዞቹም ቢሆኑ ይህን ግስ አዘውትረው የሚናገሩት እምቢ ሲሉ ነው። ያ ገበሬ አንቺ ነሽ፤ ጥናቱም ውሃሽ ነው።»

በሰው ፊት ስናገር ድምፄ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። ገበሬውም ብዙ አልተናገረም አሉኝ።

ሰኞ ስብሰባ አለ። ኃላፊው ጥናቴን ሊያነብ ሲነሳ ቀድሜው እነሳለሁ። ድምፄ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የማቀርበውም እኔ ነኝ እላለሁ፤ መድረኩ እስኪሰጠኝም አልቀመጥም።