ፊደሉን በየገጹ የለጠፈው ወጣት

አንድ ወጣት ነበር። ሥራው የስልክ አፕ መሥራት ነው። ለአጥቢያው መዘምራን የመዝሙር አፕ ሊሠራ ቃል ገባ፤ ለአንድሮይድም ለአይፎንም የሚሆን።

ለምን ቃል ገባ? በእትዬ ድንቅነሽ ምክንያት። እትዬ ድንቅነሽ የመዘምራኑ መሪ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ቀጭን ፊደል አልታይ ስላላቸው "ቦታዬን ለወጣቶቹ ልልቀቅ" ማለት ጀምረዋል። ወጣቱ ወፍራምና ሰፋ ያለ የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ፣ ፈልጎ አሳያቸው።

"ውይ፣ ይኼማ ያለ መነጽርም ይነበብልኛል!" አሉ።

ታዲያ ምን አደረገ? እያንዳንዱ ገጽ ላይ እየገባ "በዚህ ፊደል ጻፍ" ብሎ አዘዘ። ለአንድሮይድ ለብቻ፣ ለአይፎን ለብቻ። አዲስ መዝሙር ሲመጣ አዲስ ገጽ፤ አዲስ ገጽ ሲመጣ አዲስ ትእዛዝ። ብታዩት "እንዴት ያለ ትጉህ ነው!" ትሉ ነበር። ትጉህም ነው።

በልምምድ ቀን እትዬ ድንቅነሽ አዲሱን መዝሙር ከፈቱ። ስልኩን አራቁት፤ አቀረቡት።

"ልጄ፣ ይኼ ፊደል ነው ወይስ የጉንዳን ሰልፍ?"

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ስልካቸውን ዘጉ። "ግድ የለም፤ ሌላ ሰው ይምራ።"

ወጣቱ ያችን ገጽ ረስቷት ነበር።

የሥራ ባልደረባው ፌቨን ሥራውን አየችና "አንተ ሰውዬ፣ ቤት ለቤት እየዞርክ ነው እንዴ ፊደል የምታድለው?" አለችው። "አፑ የሚነሣበት ቦታ ላይ አንዴ እዘዝ። ገጾቹ ሁሉ ከዚያ ይወርሳሉ።"

"የሠራሁትን ሁሉ ላጥፋ?"

"አጥፋ።"

ቅር አለው። የደከመበት ነዋ! ግን እትዬ ድንቅነሽ ስልካቸውን ሲዘጉ ያየው ፊታቸው መጣበት። አጠፋው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዘዘና የረሳትን ገጽ ከፈተ። ምንም አልነካትም፤ ፊደሉ ግን ወፍራም ሆኖ ወጣ።

በሚቀጥለው ልምምድ እትዬ ድንቅነሽ መዝሙሩን ከአዝማቹ እስከ መጨረሻው መሩት። "እስቲ ሌላም ጨምርበት!" አሉት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? እሑድ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ትዕግሥትን ትለጥፋላችሁ። ሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንደገና ትለጥፋላችሁ። ቢሮ ስትደርሱ እንደገና። ድካማችሁን አልንቅም። ግን ማታ ቤት ስትገቡ የረሳችሁት ገጽ የለም? እዚያ ገጽ ላይ እናንተን ማንበብ ያቃተው ልጅ፣ ያቃታት ሚስት፣ ያቃታት የቤት ሠራተኛ የለችም?

ጌታን በየገጹ አትለጥፉት። ሁሉም ነገራችሁ ወደሚነሣበት ወደ ልባችሁ አስገቡት። ያን ጊዜ ያልተዘጋጃችሁበት ቀን እንኳ ሲከፈት፣ በእርሱ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።