ቅቤ ነጋዴውና አልናገርም ያለው በቀቀን

አንድ ቅቤ ነጋዴ ነበረ። ሀብታም ነበር፤ ድምፁም እንደ ሀብቱ ትልቅ ነበር።

ይህን ምሳሌ የተናገሩት መምሬ አስረስ ናቸው። የነገሩትም ይመናሹ ለምትባል የንስሐ ልጃቸው ነው። ይመናሹ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብታ፣ ትብለጥ የምትባል ትንሽ ልጁን ማሳደግ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን ቤታቸው መጥታ፣ «አባ፣ ልጅቷ አልቀበል አለችኝ። ‹እማዬ በይኝ› ስላት ‹ሴትዮ› ትለኛለች። ትናንት ‹እማዬ ሳትዪ እራት የለም› ብያት ጦሟን አደረች። ምን ላድርጋት?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምሬም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ጀመሩላት።

ይህ ቅቤ ነጋዴ ከቆላ ከመጣ ሰው አንድ በቀቀን ገዛ። ገና ላባው በቅጡ ያልሞላ ጫጩት ነበር። የሽቦ ቤት አሠራለትና ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ከዚያ ለገበያው ሁሉ፣ «ዓመቱ ሳይሞላ ‹ጌታዬ› ብሎ ይጠራኛል፤ ያን ጊዜ ደግሼ እጠራችኋለሁ» ብሎ አወጀ።

ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሽቦው ላይ ለጥፎ «ጌታዬ በል!» ይለዋል። በቀቀኑ ዝም። «በል እንጂ! ጌታዬ!» በቀቀኑ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያየውና አፍንጫውን ይነክሰዋል። ነጋዴውም አፍንጫውን በቅቤ አሽቶ ገበያ ይወርዳል። ደንበኞቹ «ዛሬስ ተናገረ?» ይሉታል። እሱም «ሊናገር ነው» ይላል። አፍንጫውን አይተው ይስቃሉ።

ምክር የሚሰጠው አልጠፋም። አንዱ ጎረቤቱ፣ «ምላሱ ተሳስሮ ነው፤ ሚጥሚጣ አብላው፣ ይፈታለታል» አለው። ነጋዴው ሚጥሚጣ በሙዝ ለውሶ ሰጠው። በቀቀኑ ጥርግ አድርጎ በላና «ጨምር» እንደሚል ሰው አፉን ከፈተ። ነጋዴው ግን በዚያው እጁ ዓይኑን አሽቶ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ። ሌላው ደግሞ፣ «አስርበው፤ ረሃብ ያናግራል» አለው። ይህንንም ሞከረ። «ጌታዬ ሳትል እህል የለም» ብሎ የሚበላውን የሱፍ ፍሬ አነሳበት።

ይመናሹ እዚህ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። መምሬ ግን እንዳላዩ ሆነው ቀጠሉ።

ክረምት ሲገባ በቀቀኑ የገዛ ላባውን እየነቀለ ይጥል ጀመር። ደረቱ እንደ ተነጨ ዶሮ ራቁቱን ቀረ። ነጋዴው ደነገጠ። ሱፉን መለሰለት፣ ሙዝ ላጠለት፣ ፓፓያ ቆረጠለት፤ በቀቀኑ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቁጭ አለ። ድግሱም ፉከራውም ከነጋዴው ልብ ጠፋ። «ሊሞትብኝ ነው» እያለ በሽቦው ዙሪያ ይንቆራጠጥ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ታላቅ እህቱ ከገጠር ልትጠይቀው መጥታ ነበር። ጥቂት ቀን ሁኔታውን ስታይ ሰነበተችና፣ «ወንድምዓለም፣ ይህ ፍጡር ካንተ ምን አየ? ጩኸትና ሽቦ። ስምህን ታስጠናዋለህ እንጂ መቼ ተዋወቅኸው?» አለችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መዝጊያውን ክፈትለትና ዝም በል።»

ዝም ማለት ለዚያ ሰው ቅቤ ከመሸከም ይልቅ የከበደ ሥራ ነበር። ቢሆንም የሽቦውን ቤት ወለሉ ላይ አወረደና መዝጊያውን ከፈተ። ዱካ ስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይበላ ጀመር። ጥቂቱን ከአጠገቡ አስቀመጠ። በቀቀኑ አልወጣም። በማግሥቱም እንዲሁ ተቀመጠ፤ አሁንም አልወጣም። ብዙ ከሰነበተ በኋላ ግን አንድ ቀን ከኋላው ጥፍር ወለሉን ሲቧጥጥ ሰማ። በቀቀኑ እንደ ሹም እየተጎማለለ መጥቶ አንዲት ኦቾሎኒ አነሳና እየሮጠ ተመለሰ። ነጋዴው አልዞረም። እንባው ግን መጣ፤ ያን ቀን ደግሞ ሚጥሚጣ አልነካም።

ውሎ አድሮ በቀቀኑ ትከሻው ላይ መውጣት ለመደ። የኮቱን ቁልፍ ቆርጥሞ ጣለበት፤ ጋቢው ላይ ኩሱን ለቀቀበት። አንድ ደንበኛ ቅቤ ሊገዛ ገብቶ፣ «ጋሼ፣ ጋቢዎ ላይ እኮ...» ሲል፣ ነጋዴው በሹክሹክታ፣ «ቀስ በል፣ እንቅልፍ ይዞታል» አለው። ሰውየው ማንሾካሾክ እንደሚችል አገር ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ላባውም መልሶ በቀለ። አንድ ክፉ አመል ብቻ አልለቀቀውም፤ ትከሻው ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይነክሰዋል። ነጋዴው «ኧረ ጆሮዬን! ኧረ ጆሮዬ!» ይላል እንጂ አያወርደውም።

ዓመቱ ሞላ። ነጋዴው ድግሱን እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር፤ የገበያ ሰዎች ግን ሊስቁበት ፈልገው ሳይጠሩ መጡ። ነጋዴው ገና ከገበያ አልተመለሰምና፣ እዚያው የሰነበተችው እህቱ አስገብታ አስቀመጠቻቸው። ወዲያው የግቢው በር ሲንቋቋ በቀቀኑ የነጋዴውን እርምጃ አወቀና ክንፉን ዘርግቶ፣ «ጆሮዬ! ጆሮዬ!» እያለ ቤቱን አናጋው። ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «‹ጌታዬ›ስ የት ሄደ?» ብለው ጮኹበት። ነጋዴው አልሰማቸውም። «ወዬ! ወዬ፣ መጣሁ!» እያለ፣ ከነጭቃ ጫማው በመካከላቸው ሮጦ አለፈ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ሁሉ «ጋሽ ጆሮዬ» ብሎ ጠራው፤ እሱም ደስ ብሎት ይመልስ ነበር።

መምሬ ይህን ብለው ወደ ይመናሹ ዞሩ።

«በቀቀኑ ትብለጥ ናት፤ ነጋዴው አንቺ ነሽ። ያንቺ እንዲያውም ከእሱ ይከፋል። እሱ ያስጠና የነበረው ማንም ያልተጠራበትን ቃል ነው። አንቺ የምትጠይቂያት ግን ከእናቷ ጋር የቀበረችውን ቃል ነው። እሱን በእራት አትለውጪው። ማዕዱን ዘርጊላት፣ አትቁሚባት። ለአንቺ የሚሆነውን ስም ራሷ ታወጣዋለች፤ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም። ‹ሴትዮ› እንኳ ቢሆን፣ ፈልጋሽ ከጠራችሽ ወዬ በያት።»

ይመናሹ ነጠላዋን እያፍተለተለች፣ «ብትነክሰኝስ፣ አባ?» አለች።

«ትነክስሻለች እንጂ! የማይነከስ ጆሮ ያልቀረበ ጆሮ ነው። በይ ተነሺ፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል፣ ትናንትም እራቷን አልበላችም።»