ኮት ኪስ ውስጥ የቀረችው ግማሽ

ኖርዌይ አገር፣ በርገን ከተማ አውቶቡስ እያጠበ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። ስሙን ተዉት፤ ዘመዶቹ እዚህ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

እሱና ሚስቱ ስመኝ ለኖርዌይኛ ፈተና አብረው ያጠኑ ነበር። ኖርዌጂያኖች ደግሞ ቃልን ከቃል ሳያጣብቁ አያርፉም። "ሠርግ" እና "ቀን" እኛ ዘንድ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ እነሱ ዘንድ ይጣበቁና "ብሪሉፕስዳግ" ይሆናሉ። አስተማሪያቸው "ረጃጅሞቹን ቃላት ካርቶን ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱ ቃላት በተገናኙበት ቁረጡ" አለቻቸው። የፊተኛው ግማሽ ለባል፣ የኋለኛው ለሚስት። እራት ላይ ይገጥሟቸዋል።

እሱ መቀሱ ባረፈበት ይቆርጣል። እሷ ትስቃለች።

"አንተ ሰው፣ አጥንቱን እኮ ሰበርከው! ዶሮ ስበልት አይተህ አታውቅም? መጋጠሚያውን በጣትህ ፈልገው።"

"ዶሮና ኖርዌይኛ ምን አገናኛቸው?"

"ሁለቱም አይሆኑልህም!"

ፈተናው ደረሰ። እሷ አለፈች። እሱ ወደቀ።

ወገኖቼ፣ ፈተና መውደቅ ኃጢአት ነው? አይደለም። እሱ ግን አኮረፈ። እንግዳ ሲመጣ "ጎበዟ እሷ ናት፤ እሷን አናግሩ" ይላል። ግማሾቹን ማውጣትም ተወ። እሷ አልተወችም። በየቀኑ የራሷን ግማሽ ሳህኑ አጠገብ ታስቀምጣለች። እሱ በልቶ ይነሳል። ታስቀምጣለች። በልቶ ይነሳል።

የተጋቡበት ቀን መጣ። ገና ጠዋት ቁርስ ላይ "ዳግ" የምትለዋን አስቀመጠችለት፤ "ቀን" ማለት ናት።

"ያንተን አምጣት እንጂ" አለችው።

"ሥራ ረፍዶብኛል።"

አልረፈደበትም። የእሱ ግማሽ፣ "ሠርግ" የምትለዋ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ደረጃውን ሲወርድ በጣቱ እየዳበሳት ወረደ። ማታ አመጣታለሁ ብሎ አሰበ። ማታ ኩርፊያው አሸነፈው።

በሦስተኛው ቀን ስመኝን ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች። ቃሏ ግን ሄደ፤ ኖርዌይኛውም፣ አማርኛውም፣ የባሏ ስምም።

አሁን በየቀኑ ሆስፒታል ይሄዳል። ብርድ ልብሷ ላይ ሁለቱን ግማሾች ይገጥምላታል። "ስመኝ፣ ያው፣ አመጣኋት" ይላታል። እሷ የማታውቀው ሰው የጻፈው ደብዳቤ እንደተሰጣት ሁሉ ካርቶኑን ታየዋለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እሱ ይጠብቃል። እሷ ማዕድ ላይ ትጠብቀው እንደነበረው ይጠብቃል።

እናንተስ? ሳህናችሁ አጠገብ ግማሹን ያስቀመጠላችሁ ማነው? ሚስት ናት? አባት ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን ያላነሳችሁለት ወንድም ነው? "እሱ ይቅደም" አትበሉኝ፤ ቀድሟል። አስቀምጧል። የቀረው እናንተ ኪስ ውስጥ ያለችው ናት፤ እንዳለች ደግሞ ታውቃላችሁ፤ እኔ እየተናገርሁ እንኳ በጣታችሁ እየዳበሳችኋት ነው።

ያ ሰው ዛሬ ቢያወጣት የምታነብለት የለችም። የእናንተ ሰው ግን ገና ስማችሁን ያውቃል።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወሬ አትያዙ። ቀጥ ብላችሁ ወደ ቤት ሂዱ።