ስለ ተፋቀው ብራናና ስለ ቀዩ ፈትል

የእመቤታችን ስም ሲጠራ አንገታችሁን ዝቅ የምታደርጉ ምእመናን ሆይ፣ ጆሮአችሁን አዘንብሉልኝና ድምፁን ከነተስፋው ላጣ ለአንድ መዘምር ያደረገችውን ልንገራችሁ።

በአፍርንጅ አገር፣ በሎምባርድያ ሜዳ፣ ከወንዝ ዳር ባለ ገዳም ኡባልዶስ የሚባል መነኩሴ ነበረ። እርሱም የማኅበሩ የዜማ መምህር ነበረና ከዕብራውያን መዝሙር የወረደውን፣ በጽርዕ ማለትም በግሪክ ሊቃውንት ስልት የተቀመረውን የዓመቱን ዜማ ሁሉ አንዲት ቅንጣት ሳያጎድል በልቡ ይዞት ነበር። እመቤታችንንም አብዝቶ ይወድ ነበርና፣ መምህሩ ሊሞት ሲል ከአፉ ወደ አፉ ያወረሰውን የፍልሰታዋን መዝሙር በየቀኑ በሠርክ በሥዕሏ ፊት ሳይዘምር እህል ላይቀምስ ተስሎ ነበር። ያንንም መዝሙር ከዚያ ገዳም በቀር የሚያውቀው አገር አልነበረም።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ሰው ያለ ነቀፋ አይገኝምና ዜማ በብራና ይጻፍ ሲሉት ደሙ ይፈላ ነበር። በዚያ ዘመን መዘምራን የሚማሩት የመምህሩን አፍ እየሰሙ እጁንም እያዩ ነው፤ እጁ ከፍ ሲል ድምፃቸውን ያነሣሉ፣ ዝቅ ሲል ያወርዳሉ፤ አሥር ዓመት እንዲህ ያልለፋ መዘምር አይባልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ቢሉት፣ ይህ የሰነፎች ተረት ነው ይል ነበር።

ከሰባቱ ደቀ መዛሙርቱም አንዱ፣ ከመመንኮሱ አስቀድሞ ሸማኔ የነበረ፣ ጠጉሩ የሸበተ ላንዶ የሚባል ሰው ነበረ። እርሱም ሦስት ዓመት ደክሞ ከፍልሰታው መዝሙር ቃላት በላይ እንደ መምህሩ እጅ የሚወጡና የሚወርዱ ምልክቶችን ጻፈና፣ ብራናውን ይዞ ከመምህሩ ጉልበት ሥር ወድቆ፣ «አባቴ፣ አይቆጡኝ። የጥንቶቹ የጽርዕ ባለ በገናዎች ቃላቸው ደርሶናል፤ ዜማቸውስ የት አለ? ከአፋቸው ጋር አፈር በላው። የእኛም እንዲሁ እንዳይሆን ፈርቼ ነው» አለው።

ኡባልዶስም ብራናውን አገላብጦ አየና፣ «ይህ ምልክት ይወጣል፤ ከየት ተነሥቶ? ያኛው ይወርዳል፤ እስከ የት? ገደል ላይ የተበተነ የፍየል መንጋ ነው እንጂ ዜማ ነው? አንተ ሸማኔ፣ ወደ መወርወሪያህ ተመለስ!» አለው። ከዚያም ምላጭ አስመጥቶ ማኅበሩ እያየ ብራናውን በገዛ እጁ ፋቀው። ላንዶም ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ የተፋቀውን የቀለም ብናኝ በመዳፉ ሰበሰበና በጨርቅ ቋጥሮ በአንገቱ አንጠለጠለው።

በዓመቱ ወደዚያ አገር ቸነፈር ገባ። ሰባቱን ደቀ መዛሙርት በሰባት ሳምንት ጨረሰ፣ አበምኔቱንና የቀረውንም ማኅበር ወሰደ፤ ከሰባቱ በመጨረሻ የሞተውን ላንዶንም ከነቋጠሮው ቀበሩት። ኡባልዶስንም ያዘው፤ ሞት ግን ናቀውና ተወው። ጉሮሮው ቆስሎ ሲሽር ድምፁ ጠፍቶ ነበር፤ አፉን ቢከፍት ከእስትንፋስ በቀር የሚወጣ የለም። ስእለቱ ፈርሷልና የመንደሩ ሰዎች ካላጎረሱት በቀር አይበላም ነበር፤ ያጎረሱትንም በእንባ ያወርደው ነበር።

ከዚያም ቦታው ወና እንዳይሆን ከሩቅ አገር ሦስት መነኮሳት ተላኩ፤ ታላቃቸውም ቤራርዶስ ይባል ነበር። ደጎች ነበሩ፤ ያን መዝሙር ግን በሕልማቸውም ሰምተውት አያውቁም። ኡባልዶስም ቃላቱን ጽፎ ሰጣቸውና በእጁ ሊያስተምራቸው ተነሣ፤ እጁን ቢያነሣ እነርሱ የአገራቸውን ዜማ አነሡ፣ ቢያወርድ ወደማያውቀው ወረዱ፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ደግመው ሞከሩ፣ እንደ ገና ነቀነቀ። እንዲህ ሲሆን አርባ ቀን አለፈና ቤራርዶስ ደክሞት፣ «አባታችን፣ ይቅር ይበሉን፤ እጅዎ ሲወጣ እናያለን፤ ግን ከየት ተነሥቶ?» አለው።

ኡባልዶስም ይህን ሲሰማ ቀዘቀዘ፤ የገዛ አፉ ቃል ነበረና። ወደ በዓቱም ገብቶ የተፋቀውን ብራና አወጣና በፀሐይ አንጻር ዘርግቶ ቢያየው አንዲት ነጥብ እንኳ አልቀረበትም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። በልቡም፣ «እመቤቴ ሆይ፣ መዝሙርሽን ቸነፈር አልገደለውም፤ እኔ በምላጭ ገደልሁት። የሚያውቀኝ ሁሉ ሞቶ እኔ ለምን ተረፍሁ? የመዝሙርሽ መቃብር ልሆን ነውን? ስሜን ከወዳጆችሽ መካከል ፋቂው» እያለ አለቀሰ። በፍልሰታዋም ዋዜማ፣ የማይዘምር አፍ በፊቷ ምን ይሠራል ብሎ ወደ ሥዕሏ ሳይሄድ፣ ብራናውን ከላንዶ ጋር ሊቀብረው በሠርክ ወደ መቃብሩ ወረደ።

በዚያም አንዲት ሴት በመቃብሩ ራስጌ ተቀምጣ በእንዝርት ቀይ ሐር ስትፈትል አገኘና ከመንደሩ ኀዘንተኞች አንዷ መሰለችው። እርሷ ግን ቀና ብላ፣ «ወዳጄ ኡባልዶስ፣ የመዝሙሬ ሰዓት ሲደርስ ወዴት ትሄዳለህ?» አለችው። ያን ጊዜ ማን እንደ ሆነች አውቆ በግንባሩ ተደፋ፤ መናገርም ቢያቅተው ብራናውን ዘረጋላት። እርሷም በጭኗ ላይ አነጠፈችው፤ ከመቃብሩም ውስጥ የላንዶ ብናኝ እንደ ምድጃ ጢስ ቀጥኖ ወጣና እያንዳንዱ ቅንጣት በቀድሞ ስፍራው አረፈ። ከዚያም ቀዩን ፈትል ከብራናው ዳር እስከ ዳር በምልክቶቹ መካከል ወጥራ፣ «ከየት ተነሥቶ ብለኸው ነበር፤ ከዚህ ተነሥቶ» አለችው። ከፈትሉ በላይ ያለው ምን ያህል እንደ ወጣ፣ በታችም ያለው ምን ያህል እንደ ወረደ ታየ። እርሱም እያለቀሰ ጉሮሮውን በጣቱ አመለከታት። «እርሱ ይቅርብህ፤ ዛሬ ላንዶን ስማው» አለችውና ተሰወረች።

ኡባልዶስም እየወደቀ እየተነሣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠና ብራናውን በቤራርዶስ ፊት ዘረጋው፤ የገዳሙንም ደወል አንድ ጊዜ መትቶ ድምፁ ሳይጠፋ ፈትሉን በጣቱ ነካው። ቤራርዶስም ገባውና ከደወሉ ድምፅ ተነሥቶ፣ መጀመሪያ እየተሰናከለ፣ በኋላም እየጸና፣ ከቶ ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር እስከ ፍጻሜው ዘመረው። የኡባልዶስም ከንፈር አብሮት ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። መዝሙሩ ሲያልቅ ማንም ሳያጎርሰው ኅብስት ቆርሶ በላና እመቤታችንን አመሰገነ፤ በብራናውም ራስ ላይ በቀይ ቀለም፣ «ይህ የሸማኔው የላንዶ ነው፤ የፋቅሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

ከብዙ ዘመንም በኋላ የተነሡ መዘምራን በዚያ ዜማ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ጨመሩ፣ ሌሎችም ሦስተኛና አራተኛ፤ ሥራቸውን ሲጀምሩ ግን ያችን ጽሕፈት ጮክ ብለው ሳያነቡ ብዕር አያነሡም ነበር።

እኛንም፣ ይህን ያነበበውንም፣ የሰማችሁትንም፣ በወንድማችን ድካም ላይ ምላጭ ከማንሣት ትጠብቀን፤ በችኮላ የፋቅነውንም በምልጃዋ ትመልስልን፤ ድምፃችን በሚጠፋበት ቀን ስለ እኛ ትናገርልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።