ቅድ ሰቀላ እንዴት ቅድ ሰቀላ ተባለች

ከወሎ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ወንዙን ሊሻገር ሲል በስተግራ የሚታየው ኮረብታ ቅድ ሰቀላ ይባላል፤ በላዩ ያለችው መንደርም በዚሁ ስም ትጠራለች። መንገደኛ ስሙን ሲሰማ ከተሰነጠቀ ድንጋይ ወይም ከገደል የመጣ ይመስለዋል። የመንደሩ ሰው ግን ቅድ ማለት የልብስ ቅድ ነው፣ ሰቀላውም ያ ረጅሙ ቤት ነው ብሎ ያርመውና ጊዜ ካለው ይዞት ይገባል። እዚያ ቤት ውስጥ በአግዳሚው ግንድ ላይ የሰው ትከሻ፣ የሰው ደረት፣ የሰው ክንድ ቅርጽ ይዘው የተቆረጡ ያረጁ ብራናዎችና ወፍራም ወረቀቶች በጠፍር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ጨርቅ በመቀስ ከመነካቱ በፊት የባለቤቱን ልክ በሌላ ነገር ላይ ቆርጦ ማውጣት የዚያች መንደር ሙያ ነው፤ ባለሙያዎቹም ቅድ አውጪዎች ይባላሉ። መንደርተኛው ስለ እርሻው ቢጠየቅ በአጭሩ ይመልሳል፤ ስለ ቅዱ ቢጠየቅ ግን መጀመሪያ እንግዳውን ያስቀምጣል።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት በዚያ አገር ቀድሞ ቅድ አውጪ የሚባል አልነበረም። ልብስ ሰፊው ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ ጨርቁን ለሁለት አጥፎ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ጊዜ ይቆርጥ ነበር። ለጥጥ እጀ ጠባብ ይህ አላነሰም፤ ቢሰፋ ይጠባል፣ ቢጠብም ሸማኔው ጎረቤት ስለሆነ ሌላ ይሠራል። ከሩቅ አገር በግመል የሚመጣ ጨርቅ ግን አንዴ ከተበላሸ ምትክ የለውም። በዚህም ምክንያት ማንደፍሮ የሚባል ጎበዝ ሰፊ ለመከራ ተዳረገ ይባላል። የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ደርሶ ከከፋይ ጨርቅ ካባ እንዲሰፋላቸው አዘዙትና ሊለካቸው ቢሄድ፣ ያውቀኝ የለም ወይ፣ ምን ያስቆመኛል ብለው በአሽከር መለሱት። እሱም በዓይኑ እንደያዛቸው ቆረጠ። ፊታውራሪ በዚያ ክረምት ወፍረው ኖሮ ካባው ጀርባቸው ላይ ተወጠረ፤ በበዓል ቀን በአደባባይ ሲቀመጡም ተተረተረ። ማንደፍሮ ከአገር እንዲወጣ ተፈርዶበት ወደ ቆላ ወረደ፤ እዚያም ንዳድ ገደለውና ካህን ሳይቆምለት በወንዝ ዳር ተቀበረ።

ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። አባቷ ብራና ፋቂ ስለነበር ቆዳ መወጠር፣ መፋቅና ማለስለስ ከልጅነቷ የለመደችው ነው። ከባሏ ደግሞ መቀስ መያዝን ተምራለች። ትርንጎ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትሄድ ሴት አልነበረችም፤ ባሏ ከተሰደደ በኋላም በገበያ መካከል ቀጥ ብላ ታልፍ ነበር ይላሉ። ሐዘኗን የተወጣችው በሥራ ነው። የተበሳሱና ለመጽሐፍ የማይሆኑ ብራናዎችን ከአባቷ ቤት እያመጣች፣ የጎረቤቶቿን ሰውነት በክር እየለካች በብራናው ላይ ትቆርጥ ጀመር። ብራናውን ከሰውየው ላይ ታጋጥማለች፤ ካልገጠመ ትጥልና እንደገና ትቆርጣለች። ሲገጥም ብቻ ጨርቁን ትዘረጋለች። ከእሷ እጅ የወጣ ልብስ መተርተር ቀረ፤ ሰዎችም ይህን እያዩ በዝምታ ወደ ቤቷ መምጣት አበዙ።

በዚያ ዘመን በፊታውራሪ ደርሶና በወንዙ ማዶ ባላባት በይመር መካከል የቆየ ደም ነበር። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች ገቡና የፊታውራሪ ልጅ የውብዳር ለይመር ልጅ እንድትዳር፣ ደሙም በዚያ እንዲደርቅ ተስማሙ። ከይመር ቤት በመጣው ጥሎሽ ውስጥ አገሩ አይቶት የማያውቅ ቀይ ሐር ነበረበት። መልእክተኞቹ ሙሽራዋ ይህንኑ ለብሳ እንድትወጣ አደራ ብለው ሄዱ። ሐሩ ቢበላሽ ወይም ሳይለበስ ቢቀር ንቀት ተደርጎ እንደሚቆጠርና ዕርቁ እንደሚፈርስ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ችግሩ የውብዳር ዘንድ ነበር። በልጅነቷ ከበቅሎ ወድቃ አንድ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ ቀርቷል። (ከወንዙ ወዲያ ያሉ ሽማግሌዎች ትከሻ ሳይሆን ዳሌ ነው ይላሉ፤ የቅድ ሰቀላ ሰው ይህን አይቀበልም።) የተሰፋላት ቀሚስ ሁሉ በአንድ በኩል ይንሸራተታል፣ በሌላው ይሰበሰባል። ሰፊዎች በዝቅተኛው ትከሻ ጥጥ እየጠቀጠቁ ሊያስተካክሉት ሞክረው ነበር፤ ጥጡ ግን ስትንቀሳቀስ ይሸሻል። በኋላም በጋቢ ተሸፍና ከጓዳ አትወጣም ሆነ። ሐሩ ሲመጣ የአገሩ ሰፊዎች ተጠሩ። ከሁሉ አንጋፋው እንድሪስ ሐሩን ዳሰሰውና ተመልሶ እንዲታጠፍ ለመነ። እኔ እንደ ማንደፍሮ መሆን አልፈልግም አለ፤ ስፌቱን ማንም ይስፋው፣ ቅዱን ግን ከትርንጎ በቀር የሚደፍር የለም ብሎም ተናገረ።

ፊታውራሪ የማንደፍሮን ሚስት ማስጠራት ከብዷቸው ሰነበቱ ይባላል። በመጨረሻ አስጠሯት። ትርንጎ ገብታ እጅ ነሳችና ቆመች። የፈለግሽውን ጠይቂ ሲሏት ለራሷ ምንም አልጠየቀችም። የባሌ አፅም ከቆላ መጥቶ በደብሩ ይቀበር አለች። ይህን ከፈቀዱላት በኋላ አንድ ነገር ጨመረች።

«ጌታዬ፣ ባሌ የጠፋው እርስዎ ለልክ አልቆምም ስላሉት ነው። ከእንግዲህ ቅዱ ወጥቶ ባለቤቱ አይቶ ልኬ ነው ሳይል መቀስ ጨርቅ አይነካም። ካለ በኋላ ደግሞ ቀዳጅ አይከሰስም።»

አሽከሮቹ መሬት መሬት አዩ። ፊታውራሪም ይሁን አሉ።

ትርንጎ ወደ ጓዳ ገባች። የውብዳር ጋቢዋን እንደተከናነበች ተቀበለቻት፤ የምትፈልገው ትከሻዋ እንዲደበቅላት ብቻ መሆኑን ነገረቻት። ትርንጎ ግን በሩን ከፍታ በብርሃኑ እንድትቆምላት ጠየቀቻት። ልጅቷ ብዙ ካመነታች በኋላ ጋቢውን ጣለች። ትርንጎ በክር ለካቻት፤ ዞራ ለካቻት፤ ተቀመጪ፣ ክንድሽን አንሺ እያለች ለካቻት። ከዚያም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ሳታደርግ ቀረች፤ ብራናውን ለሁለት አላጠፈችውም። የቀኙን ለብቻው፣ የግራውን ለብቻው ቆረጠች።

የውብዳር ሁለቱን ብራናዎች ጎን ለጎን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «እኩል አይደሉም» አለች።

«ሰው ታጥፎ አልተፈጠረም፣ እመቤቴ» አለቻት ትርንጎ። «ጨርቁን ያስቸገረው ትከሻሽ አይደለም። አጥፈው ሲቆርጡሽ የሌላ ሰው ልብስ እየሰፉልሽ ነው።»

በማግስቱ ሐሩ በአዳራሹ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ፤ ብራናዎቹም በላዩ ተደረደሩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ የውብዳር ጋቢዋን ተከናንባ ከእናቷ ጎን ቆማለች፣ እንድሪስ መርፌና ሐር ክሩን ይዞ ይጠብቃል። ትርንጎ መቀሱን ይዛ አላነሳችም። ፊታውራሪ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ «ልኳ ነው፤ ቅደጂ» አሉ።

ትርንጎ አልተንቀሳቀሰችም። «የእሷን ነው የምጠብቀው፣ ጌታዬ» አለች።

እንደሚነገረው ያን ጊዜ የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ የውብዳር ዞረ። ስለ ጋብቻውም ሆነ ስለ ዕርቁ እስከዚያች ሰዓት እሷን የጠየቃት አልነበረም። እምቢ ብትል ሐሩ ሳይቆረጥ እንደሚቀር፣ ሐሩ ከቀረም ነገሩ ሁሉ እንደሚቀር አባቷ ያን ጊዜ ገባቸው ይላሉ፤ ሆኖም ቃላቸውን ሰጥተዋልና ዝም አሉ። ልጅቷ በምንጣፉ ጠርዝ ተንበረከከች። መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ ዝቅ ያለውን የግራውን ብራና በመዳፏ ዳበሰች። ወንዙን ለመሻገር ታስብ እንደሆነ፣ ወይም በዚያ ደም የሞቱትን ወንድሞቿን ታስታውስ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ብቻ ስትነሳ ከትከሻዋ የወረደውን ጋቢ መልሳ አልለበሰችውም።

«ልኬ ነው» አለች።

መቀሱ ያን ጊዜ ተነሳ። ትርንጎ ቆረጠች፤ እንድሪስ ሰፋ። በሠርጉ ቀን የውብዳር ትከሻዋን ሳትሸፍን ከአዳራሹ ወጣች፤ ቀዩ ሐርም ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሳይሰበሰብና ሳይንሸራተት ወረደ። ትከሻዋ እንደነበረው ነበር፤ ማንም ያየው ነበር። የይመር ሰዎች ግን ያዩት አንገቷን ቀና አድርጋ በቅሎ ላይ የወጣች ሙሽራ ነው፤ ስለ እሷም በማዶው አገር ለብዙ ዘመን ተዘፍኖላታል። ደሙ ደረቀ። የማንደፍሮ አፅምም ከቆላ መጣና ፊታውራሪ ራሳቸው በእግራቸው ተከትለው በደብሩ ተቀበረ።

እንድሪስ ከዚያ ወዲህ ከትርንጎ ሥራ አልተለየም፤ አንቺ ቅደጂ፣ እኔ እሰፋለሁ ብሏት አብረው አረጁ። ፊታውራሪ በኮረብታው ላይ ረጅም ሰቀላ ቤት አሠሩላት። ትርንጎ የቆረጠችውን ልክ ሁሉ በዚያ ትሰቅል ስለነበር ቤቱ ቅድ ሰቀላ ተባለ፤ ሙያውን ሊማሩ የመጡት በዙሪያው ጎጆ ሲቀልሱ ስሙ የመንደሩ ሆነ። ከእሷ ተማሪዎች መካከል ለደብሮች ልብሰ ተክህኖ የቀደዱ፣ በመኳንንት ቤት ከአማካሪ እኩል የተቀመጡ ነበሩ ይባላል። የስፌት መኪና በመጣ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ ቅድ በኮምፒውተር መውጣት ሲጀምር፣ ሙያው ጠፋ ብለው ያዘኑ ነበሩ፤ የመንደሯ ልጆች ግን ሁለቱንም ለመዱ። በየከተማው ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች የቅድ ክፍል ውስጥ የቅድ ሰቀላ ልጅ አይጠፋም፤ አገሩን ሲጠየቅም ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

በመንደሯ ውስጥ ግን አንድ ነገር ፋብሪካም ኮምፒውተርም አልለወጠውም። ሴት ልጅ ስትታጭ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ነገራቸውን ከጨረሱ በኋላ በሰቀላው ቤት ይሰበሰባሉ። የጥሎሹ ጨርቅ ይዘረጋል፣ የልጅቷ ቅድ በላዩ ይቀመጣል፣ ቅድ አውጪዋም መቀሷን ይዛ ትጠብቃለች። አባት በልጁ ፋንታ አይናገርም፤ እናትም፣ ቄሱም፣ ሼሁም አይናገሩም። አብዛኛውን ጊዜ «ልኬ ነው» የሚለው የልጅቷ ቃል ይሰማል። አንዳንዴ ደግሞ አይሰማም፤ ያን ጊዜ ጨርቁ ተጣጥፎ ለሰጪው ይመለሳል፣ ማንም አይቀየምም፤ መቀስ ያልነካው ጨርቅ ደህና ነው፣ ልጅቷም ደህና ናት።